ምግብ ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባት? ስለ ምግብ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ትምህርት ነው። በተለይም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኢትዮጵያ ጨርሰው ስለ መጡ፣ ወይም እዚሁ በእስራኤል በመጨረስ ላይ ስላሉ ልጆቻችን ነው።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ አንድ ቀን ማታ ከእራት በኋላ «በምግብ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ? በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚሰማው ሳቅ ነው። እናት «ወጥ መሥራቱን እኔ አስተምርሽ የለም ወይ?» ትላለች። አባት «አሥራ ስድስት ዓመት ተምረሽ ተመልሰሽ ማጀት ልትገቢ ነው?» ይላል። አያት በቤቱ ካሉ ደግሞ «ልጄ፣ ሐኪም ሁኚና እኔን አክሚኝ» ይላሉ። ልጅቱም አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች።

ሳቁም ሆነ ዝምታው የሚመጣው ነገሩን ካለማወቅ ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ ስንት እንደሚያስወጣ፣ የትኛውን የሥራ በር እንደሚከፍትና የትኛውን እንደማይከፍት ዛሬ አንድ በአንድ እንነግራችኋለን።

የምግብ ሳይንስ ምንድን ነው?

አንዲት እናት ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ መጥታ በመርካዝ ክሊታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ ስትጋግር ምን እንደሚገጥማት ታውቃላችሁ። በብርዱ ወራት ሊጡ አልነሣ ይላታል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ በአንድ ሌሊት ከመጠን በላይ ኮምጥጦ ያድራል። ዱቄቱ ሌላ ነው፤ ውሃው ሌላ ነው፤ ምጣዱም ሌላ ነው። እርሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም። አንድ ቀን ውሃውን ትቀንሳለች፣ ሌላ ቀን እርሾውን ትጨምራለች፣ ቡሃቃውን ሞቅ ወዳለ ቦታ ታዛውራለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓይን ያለው እንጀራ ታወጣለች። ሞክራ፣ አይታ፣ አስተካክላ እንደገና መሞከሯ ነው። የምግብ ሳይንስ ተማሪም በላቦራቶሪ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ተማሪው እያንዳንዱን ነገር ይለካል፤ ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው እንዲደግመው አድርጎ ይጽፋል።

በእርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና የእርሾ ፈንገሶች ይኖራሉ። እነርሱም በሊጡ ያለውን ስኳር እየተመገቡ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ። አሲዱ ለእንጀራው ኮምጣጣ ጣዕሙን ይሰጠዋል፤ ሊጡንም ከብዙ አበላሺ ተሕዋስያን ይጠብቃል። ጋዙ ደግሞ ምጣዱ ሲሞቅ እየፈነዳ ዓይኑን ይሠራል። አብሲት ስትጥሉ፣ ማለትም ከሊጡ ጥቂት ወስዳችሁ በውሃ አብስላችሁ ስትመልሱት፣ በእህሉ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ይወፍራል። ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የሚባለው አያያዥ ፕሮቲን ስለሌለው፣ ይህ የበሰለ ስታርች ሊጡ ጋዙን እንዲይዝና እንጀራው እንዲለሰልስ ይረዳዋል።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ቋንጣ ሳይበላሽ የሚቆየው ጨውና መድረቅ ለባክቴሪያ የሚሆን ውሃ ስለሚያሳጡት ነው። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ደግሞ ሻጋታ ይይዘዋል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ በዓይን አይታይም፤ በተለመደው ማብሰልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በላቦራቶሪ ተለክቶ ብቻ ነው የሚታወቀው።

እንግዲህ የምግብ ሳይንስ አራት ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ ትምህርት ነው፤ የምግብ ኬሚስትሪ፣ የተሕዋስያን ጥናት ወይም ማይክሮባዮሎጂ፣ የአመራረትና የማቆያ ዘዴ፣ እንዲሁም ምግቡ በሰው ሰውነትና በሰው ምላስ ላይ የሚያደርገው ነገር። ስለዚህ ሂሳብና ኬሚስትሪ የማይወድ ሰው «ምግብ ስለሆነ ቀላል ነው» ብሎ እንዳይገባበት።

ሦስት ስሞች፣ ሦስት መንገዶች

በእስራኤል አዲስ ገቢዎችን ከሚያሳስቱ ነገሮች አንዱ የስሞች መመሳሰል ነው። በዩኒቨርሲቲ የመመዝገቢያ መጽሔት ላይ ሦስት ነገሮችን ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው «ማዳዔይ ሐማዞን» ነው፤ ዛሬ የምንነጋገርበት የምግብ ሳይንስ ማለት ነው። ሁለተኛው «ማዳዔይ ሐትዙና» ነው፤ ይህ ሥነ ምግብ ሲሆን የሚያጠናው ምግብ በሰው ጤና ላይ ያለውን ሥራ ነው። ሦስተኛው «ሐንዳሳት ማዞን» ነው፤ ይህ የምግብ ምህንድስና ነው፤ የፋብሪካን አሠራር፣ ማሞቂያውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ማሸጊያውን ማቀድ ያስተምራል።

ማዞንና ትዙና በጆሮ ይቀራረባሉ፤ በሥራ ግን ይለያያሉ። ልጃችሁ የምትመኘው በቁፓት ሆሊም ተቀምጣ የስኳር በሽተኞችን ስለ አመጋገብ መምከር ከሆነ፣ የምትፈልገው የዲያታኒት ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚስራድ ሐብሪዩት ማለትም ከጤና ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ለማግኘትም በሥነ ምግብ የታወቀ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ፣ ልምምድ መሥራትና የመንግሥትን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በምግብ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ይህን ፈቃድ አያስገኝም። እንዲሁም «መሐንዲስ» ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ለመጻፍ መሠረቱ የምህንድስና ዲግሪ ነው፤ የሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ በራሱ ሰውን መሐንዲስ አያደርግም።

ይህን አጥብቀን የምንነግራችሁ፣ አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ደክሞ ከጨረሰ በኋላ «የያዝከው ወረቀት ለዚህ ሥራ አይሆንም» መባል ልብ የሚሰብር ነገር ስለሆነ ነው። ያገራችን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል። ለምትፈልጉት ሥራ የማይጠየቅ ዲግሪ ለመያዝ ሁለት ዓመትና ገንዘብ ማውጣት እንደዚያው ነው።

የት ይሰጣል? ምንስ ይጠየቃል?

በመንግሥት ገንዘብ ከሚደገፉት የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በዚህ ትምህርት የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1925 ተከፈተ፤ የምግብ ሳይንስና የሥነ ምግብ ትምህርት የሚሰጠው ግን ረሆቮት ከተማ በሚገኘው የግብርና ፋኩልቲው ነው። ይህ ፋኩልቲ የተቋቋመው በ1942 ነው። ረሆቮት ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች፣ ከእናንተ መካከል በየቀኑ በበሩ የሚያልፍ አይጠፋም። ሁለተኛው በሐይፋ የሚገኘው ቴክኒዮን ነው፤ በዚያ የባዮቴክኖሎጂና የምግብ ምህንድስና ፋኩልቲ አለ።

ለመግባት የሚጠየቀው በጥቅሉ እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው በሚቀርብ ትምህርት መሆን አለበት፤ በምግብ ሳይንስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂ፣ በግብርና፣ በባዮቴክኖሎጂ ወይም በኬሚካል ምህንድስና። ከኢትዮጵያ ለምሳሌ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በምግብ ምህንድስና የተመረቀ ልጅ መነሻው ጥሩ ነው። ትምህርቱ የራቀ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲው «ሐሽላሞት» የሚባሉ የማሟያ ኮርሶችን ሊያዝበት ይችላል፤ ይህም ጊዜውን ያስረዝመዋል።

ሁለተኛ፣ ውጤት ይታያል። ብዙ ጊዜ ከመቶ 80ና ከዚያ በላይ አማካይ ይፈለጋል። የኢትዮጵያ ውጤት ከአራት የሚሰላ ስለሆነ፣ ትርጉሙን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያወጣዋል።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ አለ። በዕብራይስጥ ላልተማረ ሰው «ያኤል» የተባለ የዕብራይስጥ ፈተና አለ። ለእንግሊዝኛ ደግሞ «አሚራም» የሚባል ፈተና አለ፤ ነጥቡ ከ50 እስከ 150 ሲሆን፣ 134ና ከዚያ በላይ ያመጣ ከእንግሊዝኛ ኮርስ ነፃ ይሆናል። በኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ የተማሩ ልጆች በዚህ በኩል ጥቅም አላቸው፤ በዚህ ትምህርት የሚነበበው የምርምር ጽሑፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነውና። ነገር ግን በላቦራቶሪ ውስጥ የሚነገረው ዕብራይስጥ ነው። ኡልፓን ጨርሶ በገበያ መግባባት አንድ ነገር ነው፤ የኬሚስትሪ ትምህርት ተከታትሎ ማስታወሻ መያዝ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ለቋንቋው ጥቂት ወራት መጨመር እንደ መዘግየት አይቆጠር።

አራተኛው ብዙዎች የማያውቁት ነው። በምርምር ለሚማር ሰው ማመልከቻ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ በላቦራቶሪው የሚቀበለው አንድ ፕሮፌሰር ማግኘት አለበት። ይህ ፕሮፌሰር «መንሔ» ማለትም መሪ አስተማሪ ይባላል። ተማሪው የፋኩልቲውን የምርምር ዝርዝር አንብቦ፣ ልቡን የሳበውን ሥራ መርጦ፣ ለፕሮፌሰሩ አጭር ደብዳቤ ይጽፋል። «እኔ እንዲህ ተምሬአለሁ፤ የእርስዎን ይህን ሥራ አንብቤአለሁ፤ መጥቼ ላነጋግርዎ እወዳለሁ» ይላል። በእኛ ባህል ትልቅ ሰውን ሳይጠሩን ሄዶ ማነጋገር እንደ ድፍረት ይታያል። እዚህ ግን የሚጠበቀው ይህ ነው። አንዱ ባይመልስ ለሌላው መጻፍ ነውር የለውም።

ከኢትዮጵያ የመጣው ወረቀት

የትምህርት ማስረጃ ነገር ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስለሆነ ለብቻው እናንሣው።

በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የወጪ መጋራት ግዴታ እንዳለበት ታውቃላችሁ። ብዙ ተመራቂዎች ይህን ሳይከፍሉ በእጃቸው የያዙት ጊዜያዊውን ወረቀት ወይም «ቴምፖ» የሚባለውን ብቻ ነው። እዚህ ግን ዋናው ዲግሪና የሁሉም ዓመታት የውጤት ዝርዝር ይጠየቃል። ስለዚህ በዚያ ዘመድ ካላችሁ ውክልና ሰጥታችሁ ነገሩን ከወዲሁ አስጨርሱ። ገና ያልመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ዋናውን ወረቀት እንዲያወጣ ንገሩት።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። በዲግሪው ላይ ያለው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። በቴኡዳት ዜሁት ላይ ግን የቤተሰብ ስም ተብሎ ሌላ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ አጻጻፉም ይለያያል። ጸሐፊው ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይቶ «ይህ ሌላ ሰው ነው» ሊል ይችላል። የስም ለውጥ ካለ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ማረጋገጫ ይዛችሁ ቅረቡ። የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው እዚህ የሚጽፈው 2018 ብሎ ነው። ይህ ካልተስተካከለ ተማሪው ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት የጨረሰ ይመስላል።

ሁለት መሥሪያ ቤቶችንም አታምታቱ። ዩኒቨርሲቲው ማስረጃውን የሚመለከተው ተማሪውን ለመቀበል ነው። በትምህርት ሚኒስቴር የውጭ አገር ዲግሪዎችን የሚመዝነው ክፍል ደግሞ የሚሠራው በመንግሥት ሥራ ውስጥ ላለ የደመወዝ ደረጃ ነው። የአንዱ ውሳኔ ሌላውን አያስገድድም፤ ስለዚህ ለሁለቱም ለየብቻ ማመልከት ያስፈልጋል።

በምርምር ወይስ ያለ ምርምር? ገንዘቡስ?

ሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ኢም ቴዛ» ይባላል፤ ተማሪው በላቦራቶሪ ምርምር ሠርቶ መጽሐፍ ይጽፋል። ሌላው «ብሊ ቴዛ» ሲሆን ኮርሶችን በመማርና አነስ ያለ ሥራ በማቅረብ ይጨረሳል። ወደ ሦስተኛ ዲግሪ የሚያደርሰው የተለመደው መንገድ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ሥራ ይዞ ለሚማር ሰው ይመቻል።

በሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ የሚከፈለው በመንግሥት የሚወሰን ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ወደ 14 ሺህ ሸቀል ገደማ ነበር። ለሁለት ዓመት 28 ሺህ አካባቢ መሆኑ ነው። ሂሳቡ በየዓመቱ ትንሽ ይለወጣል። በምርምር ለሚማር ተማሪ ግን በሳይንስ ፋኩልቲዎች ሚልጋ መስጠት የተለመደ ነው፤ ከክፍያው አልፎ በየወሩ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ከመሪው አስተማሪ ጋር ስትነጋገሩ «ሚልጋው በወር ስንት ነው? ለስንት ወር? ከውጭ ስንት ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል?» ብሎ መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለአዲስ ገቢዎች ደግሞ «ሚንሀል ሐስቱደንቲም» የተባለው የተማሪዎች አስተዳደር በክፍያው ይረዳል። እርዳታው የዕድሜ ወሰንና ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር የጊዜ ወሰን አለው። ስለዚህ «ሲመቸኝ እጠይቃለሁ» አትበሉ። ቴኡዳት ኦሌህና የትምህርት ማስረጃችሁን ይዛችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ሂዱና ለእናንተ የሚሠራውን ደንብ ጠይቁ። ከኢትዮጵያ ለመጡ ተማሪዎች የተለየ ደንብ ካለም እዚያው ይነገራችኋል።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። በእስራኤል ሁለተኛ ዲግሪ የጨረሰ ሠራተኛ በገቢ ግብር ላይ ግማሽ የቅናሽ ነጥብ ያገኛል። የሚሞላው ቅጽ ቁጥር 119 ይባላል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል።

ከዚያ በኋላ ምን ሥራ አለ?

በምግብ ሳይንስ የተማረ ሰው በምግብ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር፣ በአዲስ ምግብ ፍልሰፋ፣ በምርመራ ላቦራቶሪዎች፣ ከውጭ ምግብ በሚያስመጡ ድርጅቶችና በጤና ሚኒስቴር የምግብ ቁጥጥር ሥራ ያገኛል። እንደ ትኑቫ፣ እንደ ሽትራውስና እንደ ኦሴም ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች እነዚህን ባለሙያዎች ይቀጥራሉ።

ሥራው ምን እንደሚመስል ከገበያ እንየው። ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ በእስራኤል ስኳር፣ ሶዲየም ወይም የረጋ ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ቀይ ምልክት ይለጠፋል። በሱፐር ማርኬት አይታችሁት ይሆናል። ይህ ሕግ ሲወጣ እያንዳንዱ ፋብሪካ ጥያቄ ገጠመው፤ ስኳሩን እንቀንስ ካሉ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ጨውን እንቀንስ ካሉ ቶሎ ሊበላሽ ይችላል። ጣዕሙን፣ ጤናውንና የመቆያ ጊዜውን አስማምቶ መልስ የሚያመጣው የምግብ ሳይንስ ባለሙያ ነው። የካሽሩትም ነገር አለ። ጀላቲኑ ከምን እንስሳ መጣ? አይቡን የሚያረጋው ኢንዛይም ከየት ተገኘ? ባለሙያው ይህን ለይቶ ማወቅ አለበት።

እውነቱን ለመናገር ግን በፋብሪካ ለብዙ የጥራት ቁጥጥር ሥራዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል። ሁለተኛው ዲግሪ ዋጋ የሚያወጣው በምርምርና በአዲስ ምርት ክፍል፣ በመንግሥት የደመወዝ ደረጃና ወደ ፊት ለማስተማር ለሚፈልግ ሰው ነው። የእንጀራ መጋገሪያ ለመክፈት ደግሞ ዲግሪ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ከማዘጋጃ ቤቱ የንግድ ፈቃድና ከጤና ሚኒስቴር የአምራች ፈቃድ ነው። ይሁንና ፈቃድ ሰጪው «ምግቡ ሊበከል የሚችለው የት የት ላይ ነው? እንዴትስ ትከላከላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ በወረቀት መመለስ የሚችል ልጅ በቤት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለት ዓመት የሚያሰጥ ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን ትምህርት በደንብ የሚጨርሰው ጥያቄ ይዞ የሚገባ ሰው ነው። የኛ ልጆች ደግሞ ሌላው ተማሪ የሌለው ጥያቄ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 የገቡት ወገኖቻችን እዚህ ጤፍ እንደ ልብ አላገኙም። ስለዚህ እንጀራውን በስንዴ ዱቄት፣ ከሩዝ፣ ከበቆሎና ከገብስ ጋር እየቀላቀሉ መጋገር ጀመሩ። በ2006 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ከ2015 ጀምሮ ነው ክልከላው በጥቂቱ መላላት የጀመረው። እንዲህ ሆኖ ዛሬ በብዙ ቤት የሚበላው እንጀራ ስሙ እንጀራ ይሁን እንጂ እህሉ ተለውጧል። በሌላ በኩል፣ በአገራቸው ብዙም የማያውቁት የስኳር በሽታ ወደዚህ ከመጡ በኋላ በወገኖቻችን ላይ እንደበዛ ሐኪሞች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ለዚህ እንቅስቃሴ መቀነሱና ጣፋጩ መጠጥ ሁሉ ድርሻ አላቸው። የእንጀራው እህል መለወጥስ ምን ያህል ድርሻ አለው? የነጭ ስንዴ እንጀራ ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲነጻጸር በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንዴት ያደርገዋል? ሊጡ አንድ ቀን ከቦካና ሦስት ቀን ከቦካ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ወይም ስለ ብረት እንጠይቅ። ጤፍ ብረት አለው ይባላል። ነገር ግን ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የሚገባ ነው። ከእህሉም ውስጥ ፋይታት የሚባል ነገር ብረቱን አሥሮ ይይዘዋል። መቡካት ይህን ፋይታት ስለሚቀንሰው ሰውነት ብረቱን ለመውሰድ ይቀለዋል። ደም ላነሳት ነፍሰ ጡር ሴት ይህ የምርምር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የጤናዋ ጉዳይ ነው። በረሆቮት ፋኩልቲ ስለ ጤፍ ዝርያዎች ጥናት ተደርጓል፤ ስለዚህ ጤፍ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እንግዳ ነገር አያመጣም።

የእናቶቻችን ዕውቀት ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆንም ታይቷል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት በቂ ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ። ለካ፣ ለክቶ፣ ጽፎ ማስቀመጥ ከሊጥ ማቡካት የማይተናነስ ሥራ ነው።

በቤተሰብ ተቀምጣችሁ

ስለዚህ ልጃችሁ ይህን ሐሳብ ስታመጣ ቡና አፍሉና አራት ነገር ጠይቋት።

አንደኛ፣ «ስትጨርሺ ምን ሥራ ትፈልጊያለሽ?» ዐሥር የሥራ ማስታወቂያዎችን ታምጣና ምን ዲግሪ እንደሚጠይቁ አብራችሁ አንብቡ። ሁለተኛ፣ «ዕብራይስጥሽ ለላቦራቶሪ ይበቃል ወይ?» ራሷን የምትፈትንበት ቀላል መንገድ አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎች «ዮም ፓቱአሕ» ማለትም ክፍት ቀን ሲያዘጋጁ ሄዳ አንድ ንግግር ታዳምጥ። ሦስተኛ፣ «በሁለቱ ዓመት ማን ምን ይከፍላል?» ኪራዩን፣ መጓጓዣውን፣ ልጅ ካላት ሞግዚቱን ቁጠሩ። የላቦራቶሪ ሥራ ሰዓቱ አይታወቅም፤ ሊጥ እንደሚጠበቅ ሙከራም ይጠበቃል፤ ማታ ዘግይታ ብትመጣ ቤተሰቡ እንዳያጉረመርም ከወዲሁ ተነጋገሩ። አራተኛ፣ «ልታውቂው የምትፈልጊው ጥያቄ ምንድን ነው?» ለዚህ መልስ ካላት፣ ግማሹን መንገድ ሄዳለች።

መልሱ ገና ካልጠራ አንድ ዓመት በፋብሪካ የጥራት ክፍል ሠርታ ማየት መልካም ምክር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ልጅም ይህን አንብቦ በሩ ተዘጋ እንዳይል፤ በ«መኪና» የመሰናዶ ትምህርት ጀምሮ ወደ መጀመሪያ ዲግሪ መግባት ይቻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ለእናቶች ደግሞ አንድ አደራ አለን። ልጃችሁ አንድ ቀን ሚዛንና ማስታወሻ ይዛ ወደ ቡሃቃው ብትመጣ፣ «እርሾው ስንት ግራም ነው? ስንት ሰዓት ቆየ?» ብላ ብትጠይቃችሁ፣ አትሳቁባት። እናንተ በእጃችሁ የምታውቁትን እርሷ በቁጥር ልትጽፈው ነው። አስጨብጧት።